የተጣበቀው ድንጋይና የዶሮዋ አጥንት



የዚህ ወር ጽሑፌ መነሻ አንድ አባት ናቸው። ከወሎ መጥተው በጋምቤላ ክልል በኩሌ መጠለያ ገበያ አጠገብ ስኳር፣ ሳሙናና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ኩሌን ለማታውቁት፣ ከኢታንግ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ2014 የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ወገኖች የተከፈተ መጠለያ ነው። እኝህ አባት አንድ ቀን ከዝሁር በኋላ ልጃቸውን አስከትለው መጡና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ኡስታዝ፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ፤ እኔስ አቅቶኛል» አሉኝ።

ልጁ ጋምቤላ ከተማ አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ቁርአንን እስከ ግማሹ የሐፈዘ፣ በትምህርቱም ሁልጊዜ ከፊት ረድፍ የማይጠፋ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረው፤ ይኸውም ሐኪም መሆን። በመጠለያው ጤና ጣቢያ ደጃፍ ሕፃን አቅፈው የሚሰለፉ እናቶችን እያየ ስላደገ ምኞቱ የአፍ ብቻ አልነበረም። አሁን ግን ለአሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስን አልመርጥም ብሎ ቆርጧል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ባዮሎጂ ወፍ ከዳይኖሰር መጣ ይላል። ያ ደግሞ የተረጋገጠ ውሸት ነው። ሳይንቲስቶቹ ድንጋይ በሙጫ አጣብቀው ዓለምን አታለዋል። በውሸት ላይ የቆመ ዒልም አልማርም» አለኝ።

«ይህን ከየት ሰማህ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። አባቱ ቆጣ ብለው «ተናገር እንጂ!» ሲሉት፣ «ከእርስዎ ነው ኡስታዝ» አለ።

እውነቱን ነበር። በ2010 ዓ.ል. የረመዳን ወር ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ለልጆች በምንሰጠው ትምህርት ላይ፣ ከሰው ሰው የተላለፈ አንድ ወረቀት አንብቤ ነበር። ወረቀቱ «ላባ ያለው ዳይኖሰር የሚባለው ሁሉ ተጣብቆ የተሠራ ነው» ይላል። ማን እንደጻፈው አልጠየቅሁም፤ ከየት እንደተቀዳም አልመረመርኩም። የሚያስደስተኝን ነገር ስለተናገረ ብቻ ወሰድኩት። በዚያን ጊዜ ልጁ ትንሽ ነበር። ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሰምቶኛል፤ አምኖኛል። ዛሬ የሕይወቱን መንገድ የሚቀይረው በእኔ ያልተጣራ ወሬ ነው። ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ለውሸታምነት እንደሚበቃ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ለሌሎች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ!

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን ለእነርሱ ነገርኳቸው፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ ላካፍላችሁ።

የተጣበቀ ድንጋይ አለ፤ ወረቀቱ እዚህ ላይ አልዋሸም። በቻይና ሰሜን ምሥራቅ ሊያውኒንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ገበሬዎች ከእርሻቸው ጎን ለጎን ድንጋይ እየሰነጠቁ ቅሪተ አካል ይፈልጋሉ፤ ሽያጩ ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ገበሬ የወፍ አካል የታተመበት ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩ ተሰባብሮ ስለነበርና ጅራት ስላልነበረው፣ እዚያው አካባቢ ያገኘውን የሌላ እንስሳ እግርና ጅራት በሙጫ አያያዘበት። ጎዶሎ ከሚሸጥ ሙሉ አድርጎ መሸጥ ይሻላል ብሎ ነው እንጂ ስለ ዳርዊንም ስለ ሃይማኖትም ሐሳብ አልነበረውም። ድንጋዩ በኮንትሮባንድ ከአገር ወጣና እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተማ በሚደረገው የማዕድን ገበያ ላይ በ80 ሺህ ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው ታዋቂ መጽሔት፣ ወፍንና ዳይኖሰርን የሚያገናኘው ሰንሰለት ተገኘ ብሎ አወጀ፤ ስሙንም «አርኬዮራፕተር» አለው። አወጀ እንጂ ጉዳዩን የሚያውቁ ሁሉ አልተቀበሉትም። «ኔቸር» እና «ሳይንስ» የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የምርምር መጽሔቶች የጥናቱን ጽሑፍ አናትምም ብለው መልሰዋል። ቲሞቲ ሮው የተባለ የቴክሳስ ተመራማሪም ድንጋዩን ሆስፒታል ውስጥ ሰው በሚመረመርበት ዓይነት በሲቲ ስካን አይቶ፣ ቁርጥራጮቹ የአንድ አካል እንዳልሆኑ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። መጽሔቱ ግን ቸኮለ።

ያጋለጠው ማን ነው? ሹ ሺንግ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ ነው። ይህ ሰው ወፎች ከዳይኖሰር ወገን መሆናቸውን አጥብቆ የሚያምን፣ ዕድሜውን በዚሁ ምርምር ያሳለፈ ነው። ቅሪተ አካል ያለበት ድንጋይ ሲሰነጠቅ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ገጽ ለሌላኛው እንደ ማኅተም ነው። ሹ ሺንግ አገሩ ገብቶ ሲፈልግ የዚያን ጅራት ሌላኛውን ገጽ አገኘ፤ ያ ጅራት ግን የተያያዘው ከሌላ ገላ ጋር ነበር! ወዲያውኑ ለመጽሔቱ ጽፎ ጉዱን አስታወቀ። መጽሔቱም ስሕተቱን አምኖ፣ አጣሪ ጋዜጠኛ ቀጥሮ፣ እንዴት እንደተታለለ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 በራሱ ገጾች ላይ አወጣ። እኔ ያነበብኩት ወረቀት ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ትቶታል።

ልጁ እዚህ ላይ ሲደርስ፣ «ታዲያ አንዴ ከዋሹ ሁለተኛ እንዴት ይታመናሉ?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም በጥያቄ መለስኩለት፤ «መውዱዕ ሐዲስ አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«ስንት ውሸታም በረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ፈጥሮ አውርቷል። ኢብኑል ጀውዚ የተፈጠሩትን ብቻ ሰብስበው ትልቅ ኪታብ ጽፈዋል። ታዲያ የተፈጠረ ስለተገኘ ቡኻሪን እንጣል?»

«አዑዙ ቢላህ!»

«ውሸቱንስ ማን አወቀው?»

«የሐዲስ ዑለማዎች» አለና ዝም አለ። ዝምታው እንዳልተሸነፈ፣ ግን ማሰብ እንደጀመረ ይነግር ነበር። እኔም አልገፋሁትም።

የነገሩ አስገራሚነት ደግሞ ሌላ ነው። ያ በሙጫ የተለጠፈው ጅራት ባለቤት ራሱ ላባ ያለው ትንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰር ሆኖ ተገኘ! ሹ ሺንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 «ማይክሮራፕተር» ብለው ስም አወጡለት፤ ትንሽ ነጣቂ እንደማለት ነው። የፊተኛው ክፍል ደግሞ «ያኖርኒስ» የተባለ የጥንት ወፍ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ታወቀ። ገበሬው የእውነተኛ እንስሳት ክፍሎችን አጣብቆ አንድ ውሸት ሠራ ማለት ነው።

ስለዚህ ማይክሮራፕተር ጥቂት ልበል፤ ከሁሉም ይልቅ እኔን የማረከኝ እርሱ ነውና። የኖረው ከዛሬ 120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከአፍንጫው እስከ ረጅሙ የጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ጅራቱ ሲቀነስ ገላው ከዶሮ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናት ላይ በክንዶቹ ብቻ ሳይሆን በእግሮቹም ላይ ረጃጅም የበረራ ላባዎች እንዳሉት ታየ፤ አራት ክንፍ ነበረው ማለት ነው። በሁለተኛው የእግር ጣቱ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ጥፍር አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በላባው ውስጥ የቀሩትን እጅግ ጥቃቅን የቀለም ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ መርምረው፣ ጥቁርና ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ እንደነበረ አረጋገጡ። አንገቱ ላይ ጸሐይ ሲያርፍ አረንጓዴና ሐምራዊ የሚያንጸባርቅ ጥቁር አውራ ዶሮ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሆዱ ውስጥም ምሳው ተገኝቷል። በአንዱ ወፍ፣ በሌላው ዓሣ፣ በሌላው እንሽላሊት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ደግሞ የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ እግር። ያገኘውን የማይመልስ አዳኝ ነበር።

የዚህ ዓይነቶቹ በአንድና በሁለት አላበቁም። መጀመሪያ የመጣው «ሳይኖሶሮፕተሪክስ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያው ሊያውኒንግ ተገኘ፤ ክንፍ የለውም፤ ገላውን የሸፈነው እንደ ጫጩት ፀጉር የለሰለሰ ነገር ነው። ጅራቱ ቀይና ነጭ ቀለበት እንደነበረው እ.ኤ.አ. በ2010 ከቀለም ቅንጣቶቹ ታወቀ። በዚያው ዓመት «አንኪዮርኒስ» የተባለው የሌላ ትንሽ ፍጡር መላ የገላ ቀለሙ ተለየ፤ ጥቁርና ግራጫ ሆኖ ክንፉ ላይ ነጭ መስመር፣ አናቱ ላይ ቀላ ያለ ጉትዬ። አባትየው ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ገብስማ ዶሮ በሉኛ!» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተገለጸው «መይ ሎንግ» ደግሞ በተኛበት ድንጋይ የሆነ ነው። እግሮቹን ከገላው ሥር አጥፎ፣ ጭንቅላቱን ክንዱ ሥር ሸጉጦ፣ ማታ ማታ በቆጥ ላይ ዶሮዎቻችን እንደሚተኙት ሁሉ ተኝቶ ሳለ አመድ ሸፍኖታል። እንዲህ ያለውን አተኛኘት በሙጫ ማን ሊሠራው ይችላል?

ሊያውኒንግ ለምን ይህን ሁሉ ጠበቀ ለሚል፣ በዚያ ዘመን እዚያ ሐይቆችና እሳተ ገሞራዎች ነበሩ። ደቃቅ አመድ እንስሳቱን ቶሎ ስለሸፈናቸው ላባ ሳይቀር ታትሞ ቀረ። በብዙ ሌላ ቦታ አጥንትና ጥርስ እንጂ ላባ አይተርፍም። ቢሆንም አጥንት ራሱ አንዳንዴ ይመሰክራል። በሞንጎሊያ የተገኘው «ቬሎሲራፕተር» የተባለው ዳይኖሰር በክንዱ አጥንት ላይ ትልልቅ ላባዎች የሚተከሉባቸው ጉብታዎች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2007 ታይቷል። ጁራሲክ ፓርክ በተባለው ፊልም ላይ ከሰው የሚተልቅ፣ ላባ የሌለው አስፈሪ አውሬ አድርገው የሠሩት እርሱን ነው። እውነተኛው ከቱርክ ዶሮ ብዙም አይበልጥም ነበር። ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሠሩ የቻይናው ላባ ገና አልተገኘምና ብዙ አንወቅሳቸው።

አባትየው በዚያን ቀን ምሳ ሳልበላ እንድሄድ አልፈቀዱም። ዶሮ ታርዳ ተሠርታ ነበር። ከተበላ በኋላ ለልጁ አጥንቶቹን አጥበህ አምጣ አልኩት። እናንተም፣ በተለይ እናቶች፣ በሚቀጥለው ዒድ ዶሮ ስታወጡ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ይህንኑ አሳዩአቸው። ፈረሰኛ በምንለው ብልት ዘንድ ሹካ የመሰለች ቀጭን አጥንት አለች፤ ሁለቱ የማጅራት አጥንቶች ተጋጥመው የሠሯት ናት። ይህች ሹካ አጥንት በቬሎሲራፕተርም አለች። ቀጥሎ የክንፉን የላይኛ አጥንት ስበሩት፤ ውስጡ ባዶና ቀላል ነው፤ የእነዚያም እንዲሁ። ከዚያ የክንፉን አንጓ ወደ ውጭ ዘርጉትና ልቀቁት። ወደ ጎን ታጥፎ ይገባል፤ የእኛ እጅ እንዲህ አይታጠፍም። ይህን የሚያደርገው በአንጓው ላይ ያለች ግማሽ ጨረቃ የመሰለች አጥንት ናት፤ እርሷም በትንንሾቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች አንጓ ላይ ተገኝታለች። በመጨረሻ እግሩን ተመልከቱ፤ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ ቆዳው ቅርፊት። ልጁ የዶሮዋን እግር በጣቱ እየዳበሰ ብዙ ቆየ።

በጋምቤላ ከተማ መንገድ ዳር የሚንጎራደደውን አባ ኮዳ ደግሞ አታውቁትም? መላጣ ራስ፣ አንገቱ ሥር የተንጠለጠለ ከረጢት፣ ቄራ አካባቢ አጥንት ሲጠብቅ እንደ ዳኛ ቀጥ ብሎ የሚቆም። እርሱን ቀረብ ብሎ አይቶ ዳይኖሰር ትዝ የማይለው ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ዘር ቆጠራው። ልጁ አንድ ጠንካራ ነጥብ አነሳ፤ እኔም ሳልደርስበት ነው ያነሳው። «ኡስታዝ፣ ማይክሮራፕተር የ120 ሚሊዮን ዓመት ከሆነ፣ ከእርሱ በፊት ወፍ አልነበረም? ከነበረ ልጅ አባቱን እንዴት ይቀድማል?» በርግጥ ነበረ። በጀርመን አገር ባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1861 የተገለጸው «አርኬዮፕተሪክስ» የሚሉት፣ የወፍ ላባና የገበሎ አስተኔ ጥርስና ረጅም የጅራት አጥንት ያለው ፍጡር 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በቻይና ፉጂያን ክፍለ ሀገር ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2025 የታወቀው «ባሚኖርኒስ» ደግሞ ከእርሱ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ይዞ ጅራቱ እንደ ዛሬዎቹ ወፎች አጭር ነው። ይህ የልጁ ጥያቄ ሊቃውንቱንም ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው።

መልሱ ማይክሮራፕተር የወፎች አባት አይደለም፤ የአጎት ልጅ ነው የሚል ነው። በኩሌ ያሉ የኑዌር ልጆች የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ሲቆጥሩ ሰምታችሁ ከሆነ ነገሩ ይቀላችኋል፤ ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱ ሁለት የአጎት ልጆች አንዱ ከሌላው በሃምሳ ዓመት ሊያንስ ይችላል፤ ይህ ዝምድናቸውን አያፈርስም። ሆኖም ከወፎቹ የሚቀድሙ ላባ ያላቸው ዘመዶች መገኘት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተገለጸው አንኪዮርኒስ፣ ያ ገብስማው ማለት ነው፣ ዕድሜው ወደ 160 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከአርኬዮፕተሪክስ ቀደመ። ለዝምድናው መስመር ዝርዝር ግን ዛሬም ይከራከሩበታል፤ እርሱ ራሱ ወደ ወፎች ይጠጋል ወይስ ወደ አጎት ልጆቹ በሚለው ላይ አልተስማሙም። በዋናው ነገር ማለትም ወፎች ከትንንሾቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ወገን በመሆናቸው ላይ ግን የዘርፉ ሊቃውንት እጅግ አብዛኞቹ አንድ ናቸው።

ይህ ሁሉ የቻይና ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ሳያውቀው በዚያ ዘመን መካከል አልፏል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ከእርሱ ሥር አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ሥር የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋዩ የባሕር ነው፤ ያ አገር በዚያን ጊዜ ባሕር ነበር። የሙገር ሲሚንቶ የቤታችን ግድግዳ የሆነው ከዚያ ከጥንቱ ባሕር ወለል ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዝና ረግረግ የተዉት ጭቃ በላዩ ተደረበ። በዚህ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ፤ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ቅሪት፣ የሥጋ በልና የቅጠል በል ዳይኖሰሮች ጥርስ። በሳንባ የሚተነፍሰው ዓሣም አለበት፤ ዘመዱ ዛሬም በነጭ ዓባይ ረግረጎች ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከዚያው የአንዲት ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ታወቀ። የሙገር ጭቃ ድንጋይ ዕድሜው ከጀርመኑ አርኬዮፕተሪክስ ጋር ይቀራረባል። ማለትም ያ ፍጡር በአውሮፓ ባሕር ዳር ሲንፏቀቅ፣ በእኛ አገር ወንዝ ዳር ጥርሰ ስለታሞቹ ይዘዋወሩ ነበር። ድንቅነሽን ሁላችንም እናውቃታለን፤ የሙገርን ጥርሶች ግን ከመምህራን እንኳ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው።

አሁን የምትጠብቁት ጥያቄ ላይ ደርሰናል። ዲናችን ምን ይላል?

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ያነበብኩትን እንጂ ፈትዋ አልሰጥም። ኢማሙል ገዛሊ ፈላስፎችን በተቹበት በታወቀው ኪታባቸው መግቢያ ላይ፣ የጸሐይና የጨረቃ ግርዶሽ እንዴት እንደሚሆን በሒሳብ የተረጋገጠውን ነገር በዲን ስም የሚቃወም ሰው ዲንን እንደሚጎዳ ያስጠነቅቃሉ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ ሒሳቡን አይቶ ያረጋገጠ ሰው ሒሳቡን አይጠራጠርም፤ የሚጠራጠረው ዲኑን ነው። ይህን ያሉት ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ነው። በሊባኖስ ትሪፖሊ የነበሩት ሸይኽ ሑሰይን አልጂስርም እ.ኤ.አ. በ1888 ባወጡት መጽሐፋቸው የዳርዊንን ነገር አንስተው፣ የቁርአንን ግልጽ ትርጉም እንደያዝን እንቆያለን፤ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ከመጣ ግን አስታርቆ መረዳት ይቻላል የሚል መንገድ አሳይተዋል። በዘመናችን ደግሞ ዳዊድ ሰሎሞን ጀላጀል የተባሉት ምሁር ጉዳዩን ለሁለት ይከፍሉታል። የአባታችን የአደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር ግልጽ ማስረጃ ያለው የእምነት ጉዳይ ነው፤ ስለ ሌሎች እንስሳት የዘር መስመር ግን ቁርአንም ሐዲስም አላወሩም፤ ባላወሩበት ላይ በዲን ስም አዎም አይደለምም አይባልም ይላሉ። ከዚህ ጠበቅ የሚያደርጉ ዑለማዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁ። የእኔ ልብ ግን ወደዚህ አከፋፈል ያዘነብላል።

ቁርአን እንስሳት ሁሉ ከውሃ መፈጠራቸውን፣ ከእነርሱም በሆዱ የሚሳብ፣ በሁለት እግር የሚሄድ፣ በአራት የሚሄድ እንዳለ በሱረቱ ኑር ይነግረናል። ፍጥረት እንዴት እንደተጀመረ በምድር ላይ ተጉዘን እንድናይም በሱረቱል ዐንከቡት ያዘናል። እንዴት እንደሆነ ማየት፣ ማን እንዳደረገው ከማመን ጋር አይጣላም። «በራሱ ሆነ፣ ፈጣሪ የለውም» የሚል ሰው ከመጣ ያ ከድንጋዩ ያነበበው ሳይሆን ከራሱ የጨመረው ነው፤ ድንጋዩ ላይ ያለው አጥንትና ላባ ብቻ ነው።

አባትየው ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ፈገግ ብለው፣ «ኡስታዝ፣ ሁሉም ይሁን። ግን ዶሮ የዚያ አውሬ ዘር ከሆነች፣ አሁን የበላናት ሐላል ናት?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። በጥፍሩ የሚነጥቅ፣ ባለ ሚኽለብ ወፍ መበላቱ የተከለከለ ነው። ማይክሮራፕተር ዛሬ ቢኖር ኖሮ የጥፍሩ ነገር ያስጠይቀው ነበር። ሸሪዓ ግን የሚፈርደው ባለው እንስሳ ላይ እንጂ በቅድመ አያቱ ላይ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የዶሮ ሥጋ ሲበሉ ማየታቸውን አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ.) መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። «ስለዚህ ይብሉ፤ አልሐምዱሊላህ ይበሉ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ከዐስር በኋላ፣ ያንን ወረቀት ባነበብኩበት ቦታ ልጆቹን ሰብስቤ ስሕተቴን ነገርኳቸው። ቀላል አልነበረም። ከዚያን ዘመን ልጆች ግማሾቹ አድገው ሄደዋል፤ አንዱ መቀሌ፣ አንዱ ጅማ፣ የት እንዳለ የማላውቀውም አለ። ለእነርሱ የደረሰውን ወሬ መልሼ መሰብሰብ አልችልም፤ ይህን ጽሑፍ በመጽሔቱ ላይ ማውጣቴም ምናልባት አንዱ ያነበው ይሆናል ብዬ ነው። ከተሰበሰቡት አንዱ ተነስቶ፣ «ታዲያ ከእንግዲህ እርስዎ የሚሉንን እንዴት እንመን?» አለኝ። ከየት እንዳገኘሁት ጠይቁኝ፣ ካልነገርኳችሁ አትቀበሉኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየትምህርቱ መጀመሪያ ላይ አንዱ እጁን ሳያወጣ አይቀርም፤ አንዳንዴ ትዕግሥቴን ይፈትኑታል።

ልጁ ምርጫውን ገና አልሞላም። አባቱ በየጊዜው ይጠይቁታል፤ እኔ ተውት ብያቸዋለሁ። በቀደም ወደ ሱቃቸው ጎራ ስል ግን የባዮሎጂ መጽሐፉ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ፣ ያቺ ሹካ መሳይ የዶሮ አጥንት ታጥባና ደርቃ የተነበበበትን ገጽ ይዛ አየሁ። ሳየው ቶሎ መጽሐፉን ዘጋና፣ «ኡስታዝ፣ ሙገር ከዚህ ስንት ብር ያስኬዳል?» አለኝ።